«እንደራሴ» ማለት እንደ ማን?

ሰሞኑን ግጥም የሚጽፍ ሁሉ ሕዝብ ሆኗል። «እኔ ገበሬው»፣ «እኔ ጎጃም» ሳይል የሚጀምር ስንኝ በዚህች መጽሔታችን ከጠፋ ቆየ። ጸሐፊዎቹን እናውቃቸዋለን፤ ምግብ ቤት አብረን ተሰልፈናል፣ ፈተና አብረን ወድቀናል። አብዛኞቹ ሞፈር ጨብጠው አያውቁም። ይሁን፣ ገጣሚ ናቸውና ይፈቀድላቸው ብለን ዝም ልንል ነበር። ነገሩ ግን ከግጥም ወጥቶ ስብሰባ ገባ። አንዱ ይነሣና «የጎጃም ሕዝብ አቋም ይህ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ወደኛ ዞሮ «እናንተ ጎጃሜዎች ለዚህ ምን መልስ አላችሁ?» ይለናል። ያኛው ሳይላክ ይናገራል፤ እኛ ሳንላክ እንጠየቃለን። ሁለቱም ከአንድ በሽታ የመጡ ናቸው ባዮች ነን።

እኛ ከቢቸናና ከሞጣ አገር የመጣን ነን። ሮብ ገበያ አንድ ቀን የዋለ ሰው ያውቀዋል፦ የጤፍ ዋጋ ሲወደድ አንዱ ተመስገን ይላል፣ አንዱ ባዶ ስልቻውን አጣጥፎ ይመለሳል። «የሮብ ገበያ ሕዝብ ተደሰተ» ብሎ የሚጽፈው ሰውዬ ከሁለቱ የትኛውን አነጋግሮ ነው?

እስቲ «እንደራሴ» የምንለውን ቃል እንየው። በውስጡ ያለው «ራሴ» የማን ራስ ነው? የላኪው ነው። ላኪው «ይህ ሰው እንደ ራሴ ነው» ብሎ ሲመሰክርለት ተላኪው እንደራሴ ይሆናል። ተላኪው በገዛ አፉ «እንደራሴ ነኝ» ካለ ግን ቃሉ ተገለበጠ። «ሕዝቡ እንደ እኔ ነው» ማለቱ ነው። ይህ ደግሞ ቀላል ድፍረት አይደለም።

የኛው አገር በ1960 ዓ.ም. ይህን በደንብ አይቶታል። ጎጃም ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት እንደራሴ ነበረው። አንደኛው የንጉሠ ነገሥቱ ነው፦ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ። ሁለተኞቹ የሕዝቡ ነበሩ፤ በሕግ መምሪያ ምክር ቤት ወንበር የያዙት። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት 200,000 ያህል ነዋሪ ላለው የምርጫ ክልል 2 እንደራሴ ይመረጥ ነበር። እንግዲህ ለ100,000 ነፍስ አንድ አፍ ማለት ነው። ተመራጩ በክልሉ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ የሚጠየቅበት መርሐ ግብር የለውም፤ ራሱን ይዞ ይሄዳል፣ ራሱን ይዞ ይመለሳል።

በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ፣ ቁጥር 255፣ ወጣ። አሥራት ቀርቶ እያንዳንዱ በገቢው መጠን ይክፈል ነው የሚለው። ወረቀቱን ብቻ ላየው ሰው ክፉ አይመስልም፤ ብዙ ያለው ብዙ፣ ትንሽ ያለው ትንሽ። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ግን ያነበበው ሌላ ነው። ገማቹ ማሳው ድረስ ሲመጣ ከበስተኋላው ቀላድ ታየው፤ ከቀላዱ በስተኋላ ርስቱ ከእጁ ሲወጣ ታየው። አመፀ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፤ ዐዋጁም ጎጃም ላይ ሳይሠራ ቀረ።

ምክር ቤት ውስጥ አፍ ያለው ሕዝብ ጠመንጃ ለምን አነሣ? ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ይልቁንስ ሁሉም ስለ ገበሬው መልስ ይሰጥ ጀመር። ባለ ሥልጣኑ «አሳሳቾች አሳሳቱት» አለ፤ ገበሬው የራሱ ሐሳብ የሌለው ይመስል። ምሁሩ «የመደብ ትግል ነው» አለ፤ ያመፀው ርስቱን ለመጠበቅ መሆኑን እንዳላየ አለፈው። ባለ ሥልጣን ሲሳደብ ምሁር ሲያሞግስ ሁለቱም የሚናገሩት በገበሬው አፍ ነበር። ገብሩ ታረቀ የጎጃሙን ዐመፅ ከትግራይና ከባሌው ጋር ያጠናበት መጽሐፍ እስኪወጣ (1991 እ.ኤ.አ.) ከ20 ዓመት በላይ ዐልፏል።

የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡትን ተማሪዎች እናከብራለን። በደቡብ ለባለ መሬት እኩሌታውን እየሰፈረ ለሚኖረው ጭሰኛ መፈክሩ እውነት ነበር። ግን የቢቸናው ባለ ርስት እኮ አራሹም ባለ መሬቱም እሱው ነው! የሱ ጭንቀት «መሬት ስጡኝ» ሳይሆን «መሬቴን አትለኩብኝ» ነበር። «ገበሬው» የምትለው አንዲት ቃል ሁለቱን ሰዎች ጠቅልላ ውጣቸዋለች።

«ታዲያ ማንም ስለ ማንም አይናገር ነው የምትሉት?» የሚሉን አሉ። አላልንም። ስለ ጭሰኛው መጮኽ አንድ ነገር ነው፣ ጭሰኛውን ሆኖ መጮኽ ሌላ። የ1957ቶቹ ተማሪዎች በተማሪ ስም ወጡ፣ በተማሪ ጀርባ ተደበደቡ። ያ ሐቀኛ ነገር ነው።

ደግሞስ ውክልናን ከፈረንጅ የተማርን አስመስሎ ማውራት ምን ይሉታል? አሜሪካዊው አለን ሆበን ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ባጠናውና በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ «ፈጅ» ጽፏል። ፈጅ ማለት የአንድ አባት ተወላጆች በርስት ጉዳይ እንዲሟገትላቸው የሚያቆሙት ሰው ነው። ዳኛ ፊት ብቻውን ቆሞ ስለ ብዙ ሰው ይናገራል። የሚናገረው ግን ስለዚያ አባት መሬት ነው፤ ስለ ልጃቸው ጋብቻ ወይም ስለ ሃይማኖታቸው ማንም አልላከውም። ላኪዎቹ በስም ይታወቃሉ፣ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ይጠብቁታል። ቅዱስ ነበር አንልም፤ ለራሱ የሚያደላም ሞልቷል። ግን ማን እንደ ላከው ሲጠየቅ የሚቆጥረው ስም አለው። የኛ ገጣሚ ማንን ይቆጥራል?

በሌላ ሰው ስም መናገር መዘዙ የት እንደሚደርስ የሚፈልግ 1989 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሊቀመንበርነት፣ በጸሐፊነት የሠራው ገበሬ «ቢሮክራት» የሚል ስም ወጣለት። ሌላው እስከ 12 ጥማድ ሲፈቀድለት ለሱ 4 ጥማድ፣ 1 ሄክታር ማለት ነው። ትናንት መንግሥት «የገበሬው አፍ ሁን» ብሎ ያስቀመጠውን ዛሬ መንግሥት የጎራ ስም ሰጥቶ ማሳውን ቆረሰው። አንዱ በድሎ ይሆናል፤ አንዱ መዝገብ ከመያዝ በቀር ምንም አላደረገም። ማን ለይቶ ጠየቀ? ብዙዎቹ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። ያን ጊዜ አቤት ያሉት «እኔ፣ የእገሌ ልጅ፣ ይህን ያህል ጥማድ ተወሰደብኝ» እያሉ ነው።

ለሚቀጥለው እትም ግጥም የምታመጡ ጓዶች፣ «እኔ ገበሬው» ካላችሁ ከታች የመጣችሁበትን ቀበሌና ያነጋገራችሁትን ሰው ብዛት ጻፉልን። ዜሮም ከሆነ ዜሮ በሉ፤ ግጥሙ ጥሩ ከሆነ እናትመዋለን። ስብሰባ ላይ «እናንተ ጎጃሜዎች» የምትሉንም፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትጠይቁትን ሰው በስሙ ጥሩት። የተጠራው ይመልሳል፤ ያልተጠራው ሻዩን ይጠጣል።