ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚዘጉ አዳራሾቻችን

ያለ አባትና ያለ እናት ብቻቸውን ተሰደው አሜሪካ የገቡ ልጆች በአደራ ቤተሰብ ዘንድ የሚያድጉበት ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕግ በታወጀበት ዘመን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ለሸሹ ልጆች ታስቦ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከሱዳን፣ ከኮንጎ፣ ከአፍጋኒስታንና ከኤርትራ የመጡትን ሲቀበል ኖሯል። ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥት በየግዛቱ አማካይነት ይችላል፤ ሥራውን የሚሠሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ያቋቋሟቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። ስለ ልጆቹና ስለ አሳዳጊዎቻቸው ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ዛሬ ለመናገር የፈለግሁት ማንም ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው ስለ ድርጅቶቹ ጽሕፈት ቤት ነው።

ልጁ ውሎ የሚያድረው ከአሳዳጊዎቹ ጋር ከሆነ ጽሕፈት ቤት ምን ይሠራለታል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ልጅ በጉዲፈቻ ለሌላ የተሰጠ አይደለም፤ የወላጆቹ መብት እንደ ጸና ነው፤ እናቱም በኬንያው ካኩማ ወይም በጋምቤላ መጠለያ በሕይወት ትኖር ይሆናል። ድምፅዋ የተገኘ እንደ ሆነ፣ በዋሽንግተን ተማሪዎች ከትምህርት የሚለቀቁበት ሰዓት በዚያ ወደ እኩለ ሌሊት የተቃረበ ስለሆነ፣ ጥሪው ማለዳ ልጁ ወደ ትምህርቱ ሳይሄድ እንዲደረግ ግድ ነው፤ በአሳዳጊዎቹ ሳሎን ተቀምጦ «እማዬ» ብሎ ማልቀስ የሚከብደው ልጅም ማለዳ የሚከፈት ሌላ በር ያስፈልገዋል። በጠበቃው ፊት ተቀምጦ ደላሎች በመንገድ ያደረሱበትን ሲናገር ደግሞ፣ ተራውን የሚጠብቀው ሌላው ልጅ እንዳይሰማው፣ የግድግዳው ውፍረት ራሱ ከምሕረት ሥራ ይቆጠራል። በበሩ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ እንኳ አነስ ቢል ይሻላል፤ የ16 ዓመት ልጅ የሰው ቤት ልጅ መሆኑን የክፍል ጓደኞቹ እንዲያነቡለት አይወድምና።

እንዲህ ያለውን ክፍል ማግኘት የሚከብደው የአከራዮች ልብ ስለ ደነደነ ብቻ አይደለም። አከራይ የሚሻው የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ውል ሲሆን፣ የስደተኞችን ቁጥር ግን ፕሬዚዳንቱ የሚወስነው በየዓመቱ ነው፤ ለ1980 የበጀት ዓመት 231,700 የነበረው ጣሪያ፣ ለ2022 125,000፣ ለ2026 ደግሞ 7,500 ሆኗል። በዚህ ላይ ሥራውን ከመጀመሪያው ሲመሩ ከነበሩት ታላላቅ ተቋማት አንዱ የሆነው የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ከመንግሥት ጋር ያለውን የሕፃናትና የስደተኞች ውል እንደማያድስ አስታውቋል። የነገውን የማያውቅ ድርጅት ለአምስት ዓመት ሊፈርም ስለማይደፍር፣ መጨረሻው ከከተማ ውጭ፣ በመጋዘኖች መካከል፣ የእግረኛ መንገድ እንኳ በሌለበት ሥፍራ ርካሽ ክፍል መያዝ ይሆናል። ኪራዩ ቀለለ ተብሎ ሒሳብ ሹሙ ደስ ይለዋል፤ መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ግን ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ፣ የቀረውን በመኪና መንገድ ዳር በእግሩ ይሄዳል።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ምእመናን ከደመወዛችን እየቀነስን የገዛናቸው ሕንፃዎች አሉን፤ በዕለተ ሰንበት መቆሚያ የሚጠፋባቸው አዳራሾች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍሎችም ጭምር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ አብዛኛውን ቀን ተቆልፈው ይውላሉ። ከእነዚህ ክፍሎች ለጽሕፈት ቤቱ እንስጥ ስል «የራሳችን ችግረኛ መቼ አነሰ» የሚለኝ ወገን እንደሚኖር አውቃለሁ። ይሁን እንጂ «የጠፉት ልጆች» የተባሉት የደቡብ ሱዳን እጓለ ማውታ ካኩማ ከመድረሳቸው በፊት በጋምቤላ፣ በፒኝዶ ተጠልለው እንደ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥም የጊሎን ወንዝ እየተሻገሩ እንደ ሸሹ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ ከገቡት መካከልም ለአካለ መጠን ያልደረሱት በዚሁ ሥርዓት ለአደራ ቤተሰብ እንደ ተሰጡ ማስታወስ ይገባል። በሽሬ ዙሪያ በነበሩት መጠለያዎች ያደጉት የኤርትራ ልጆችም እንግዶቻችን ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልናገር፤ ክፍሉን እንስጥ እንጂ ቁልፉን በእጃችን አናስቀር። በእኛ ማኅበር ውስጥ ወሬ ፈጣን ነው፤ ከአገሩ ሰው ሸሽቶ የመጣ ልጅ በአዳራሹ በር የአገሩን ቋንቋ የሚናገር አዛውንት ቆሞ «የማን ልጅ ነህ?» ሲለው፣ በፍቅር የተጠየቀውን እንደ ምርመራ ይቆጥረዋል። ስለዚህ መግቢያው ከቤተ መቅደሱ የተለየ ይሁን፤ የልጆቹ መዝገብ የሚቀመጥበትን ሣጥን ቁልፍ ከማኅበራዊ ሠራተኞቹ በቀር ሊቀ መንበሩም ቢሆን አይያዘው፤ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ልጅ ወደ ቅዳሴ ና የሚል አይኑር።

ውሉ በየዓመቱ የሚታደስ፣ የሚመጡት ልጆች ቁጥር ሲያንስ በሦስት ወር ማስታወቂያ የሚፈርስ፣ ክፍያውም ከመብራትና ከማሞቂያ ወጪ ያልበለጠ ቢሆን፣ ሁለቱም ወገን አይጎዳም። ሰበካ ጉባኤው ግን ከመፈረሙ አስቀድሞ፣ የከተማው የቦታ አጠቃቀም ሕግ በጸሎት ቤት ውስጥ ጽሕፈት ቤት መክፈትን ይፈቅድ እንደ ሆነ፣ ከግብር ነፃ የሆነ ሕንፃም ሲከራይ ምን እንደሚከተል ጠበቃ ይጠይቅ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣም መግቢያ ያዘጋጅ። ድርጅቶቹም አስቀድመው ሊያነጋግሩ የሚገባቸው በአውቶቡስ መሥመር ላይ ያሉትን አጥቢያዎች ነው፤ ከከተማ የራቁት፣ አዳራሻቸው ምንም ሰፊና ያማረ ቢሆን፣ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።