ሳንለካ አንግዛ

በዚህ ጊዜ መኪና ልቀይር ለሚል ቤተሰብ ሒሳቡ ከባድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለና በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ደጅ የቆመ አሮጌ መኪና የሚናቅ ንብረት አይደለም። «ሞተሩ ይውረድ ወይስ መኪናው ይሸጥ?» የሚለው ጥያቄ የብዙ ቤት ክርክር ሆኗል።

እኛም ቤት ተከራክረንበታል። የአባቴ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ከ400 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ጡረታውን የሚደጉመውም ሆነ የታናሽ እህቴን የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍነው መኪናው የሚጭነው ዕቃ ነው። ሰማያዊ ጭስ ማውጣትና ዘይት መብላት ሲጀምር፣ መካኒክ ጎረቤታችን ቅዳሜና እሁድ በግቢያችን ጋራዥ ሊሠራው ተስማማ። አባቴ ፒስተንና ፋሻ ሊገዛ ወደ ሶማሌ ተራ ሲነሣ ግን፣ «ጋሼ፣ ሳንለካ አንግዛ» ብሎ አስቀመጠው።

እኔ ማርኬቲንግ ነው የምሠራው፤ ሰው ቶሎ እንዲገዛ ስደክም ነው የምውለው። ምክሩ ለኪስ ስንት እንደሚጠቅም የገባኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ግድግዳው በተበላ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ ብቻ ቢገባ ጭሱ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ከሰፋ ደግሞ ፒስተኑም በዚያው ልክ፣ ለምሳሌ በ0.50 ሚሊ ሜትር፣ የሰፋ መሆን አለበት። ክራንክሻፍቱ ከተሞረደም ብሮንዚናው በልኩ ይቀየራል። ቀድሞ የተገዛው ስታንዳርድ ዕቃ ያኔ አይገጥምም።

የእኛ ሲለካ ክራንክሻፍቱ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ስታንዳርድ ብሮንዚና በቃው። ሲሊንደሮቹ ግን መስፋት ነበረባቸው። አባቴ ሊገዛው የነበረው ፒስተን ከንቱ ወጪ ይሆን ነበር።

ለምታስቡበት ጥቂት ልጨምር። መፍታት፣ ማጠብና መግጠም እዚያው ግቢ ውስጥ ይሆናል፤ ማስፋት፣ መሞረድና ቴስታታ ማስተካከል የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። የተፈታ ቡሎን ሁሉ ቦታው ተጽፎበት በየፌስታሉ ይቀመጥ። የቴስታታ ቡሎኖች ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በቶርክ ቁልፍ ይጠበቁ። ጓርኒሲዮኑና የታይሚንግ ቺንጋው አዲስ ይሁኑ። ሞተር ሲነሣና ሲወርድ ልጆች አጠገቡ አይድረሱ። ያገለገለውን ዘይት ወደ ቦይ አትድፉት።

ብሎኩ የተሰነጠቀ ወይም አካሉ በዝገት ያለቀ መኪና ከሆነ ግን ብራችሁን ያዙ።

በጀት ስታወጡም ከመለዋወጫውና ከእጅ ዋጋው ጎን አንድ መስመር ጨምሩ፤ መኪናው የማይሠራባቸውን ሳምንታት። የታደሰ ሞተር ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከባድ ጭነት አይጫንበትም፤ ከዚያም ዘይቱ ይቀየራል። ለአባቴ ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ጭነት ከሌለ ገቢ የለም፤ የኮሌጁ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። እኛ ያን ገንዘብ ሞተሩ ሳይፈታ ለይተን አስቀመጥን፤ እናንተም መጀመሪያ እሱን ለዩ።