የጀልባ ነጂውን አፍ አትዝጉ

እናንተ እኩዮቼ፣ የሌሞ ሽማግሌዎች፣ ይህን የምናገረው ለልጆች አይደለም። ለእኛው ነው፤ ለሠርግና ለለቅሶ በሶሮ በኩል ወደ ጊቤ እየወረድን ጀልባ ለምንሳፈረው።

እኛ የደጋ ሰዎች ነን። በእንሰትና በስንዴ መካከል አደግን። ጊቤንም የምናውቀው ገደሉን ወርደን፣ መልካውን ጠይቀን የምንሻገረው ወንዝ ሆኖ ነው። ያ ወንዝ ዛሬ ሐይቅ ሆኗል። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 243 ሜትር ነው፤ ከበስተኋላው የተኛው ውኃም በገደሉ ውስጥ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል። ውኃው የተኛው ደልዳላ ሜዳ ላይ እንዳይመስላችሁ። ኮረብታው ከነቋጥኙ፣ ግራሩ ከነግንዱ ነው የተዋጠው።

ደግሞም ውኃው ባለበት አይቆምም። ክረምት ይሞላዋል፤ በጋውን መብራት ለማመንጨት እየተለቀቀ ይወርዳል። በጥቅምት ጀልባ በሰላም ያለፈበት ቋጥኝ በግንቦት ከውኃው ሥር አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ይጠብቃችኋል። ጨርሶ ብቅ ቢል ደግ ነበር፤ ይታይ ነበር። የሚገድለን ያ አንድ ክንድ ውኃ ነው። ከጥንት ጀምሮ በታንኳ ሲቀዘፍበት የኖረው ጣና እንኳ በ1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ በወረደ ጊዜ ለመርከቦች አስቸግሮ ነበር። የእኛን የአሥር ዓመት ሐይቅ ማን አውቀዋለሁ ይላል?

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለቀብር እየሄድን ነበር። ስምንት ነን፤ አራታችን ሰባ ዓመት ያለፈን። ነጂው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። መንገዱ ላይ፣ «አባባ፣ እዚህ ጋ ቀስ እንበል፤ ውኃው ወርዷል» አለ። «ቀብሩ ሊያመልጠን ነው፤ ንዳው!» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ሽማግሌ አክብሮ ያደገ ነውና ዝም ብሎ ፍጥነት ጨመረ።

ድምፁ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማውን ይመስላል። ጀልባው ቀጥ አለ፤ እኛ ወደ ፊት ተወረወርን። አንዱ ጓደኛችን ጋቢውን እንደተከናነበ ውኃ ውስጥ ገባ። ጋቢ ሲርስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን አየሁ፤ ሁለት ሆነን ብንጎትት አልወጣ አለን። ልጁ ዘሎ ገብቶ ጋቢውን ከአንገቱ ፈትቶ አወጣው። ከዚያ በኋላ ነው ቋጥኙን ያየሁት። እንደተኛ በሬ ጀርባ ቡናማና ለስላሳ ነው፤ እጄን ብሰድ እነካዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዓሣ አጥማጆቹን እየጠየቅሁ ቆየሁ። «መንገዱን ከዓምና ጀምሮ አውቀዋለሁ» የሚል ነጂ አይበቃም፤ በዚህ ሳምንት ያለፈበትን ሰው ፈልጉ። ሐይቁ ረግቶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተሸበሸበ ከሥሩ ነገር አለ። መሀል ሐይቅ ላይ ወፍ ቆሞ ካያችሁ የቆመው ጉቶ ወይም ድንጋይ ላይ ነው። የጠቆረው ውኃ ድንገት ነጣ ሲል ጥልቀቱ እያነሰ ነው። ጎርፍ ገብቶ ሲደፈርስ ግን ዓይን አይረዳም፤ ያኔ ሞተሩን ቀዝቀዝ አድርጎ፣ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ በረጅም ቀርከሃ እየለካ መሄድ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ምልክቱን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ በጠዋት ተሻገሩ።

ጀልባው ቋጥኝ ላይ ከተቀመጠ ሁላችሁም ባንዴ ብድግ አትበሉ፤ ይገለበጣል። ወለሉ መቀደድ አለመቀደዱ ሳይታይም ጎትታችሁ አታውጡት። ጋቢያችሁን አጥፋችሁ ጉልበታችሁ ላይ አኑሩት። ላይፍ ጃኬት ልበሱ፤ ለሽማግሌ አያምርም አትበሉ፣ እለምናችኋለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን የምፈራው የእኛን አፍ ነው። በአገራችን ሽማግሌ ከተናገረ ወጣት አይመልስም። ይህ ክብር ደጃፋችን ላይ ያምራል፤ ጀልባ ላይ ግን መንገዱን የሚያውቀውን ሰው አፍ ያስይዛል። ከመሳፈራችሁ በፊት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄ፣ ውኃው ላይ ሽማግሌው አንተ ነህ፤ ቁሙ ስትል እንቆማለን» በሉት።

ያን ቀን ቀብሩ አመለጠን። ለቅሶው ግን ደረስን፤ ያ ጓደኛችንም በተውሶ ጋቢ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር።