የሙያ ዓምድ፦ ሞተሩ ለሞተበት የበቆሎ መፈልፈያ የትራክተር ሃይድሮሊክ ይበጃል ወይ?

በዛሬው ዓምዳችን የምንመልሰው ጥያቄ በጋራ ከሚያርሱ ቤተሰቦች የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በቺንጋ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ አለን። የናፍጣ ሞተሩ ከሞተ ቆይቷል፤ መለዋወጫም አላገኘንለትም። ከሰፈሩ ውጭ ያሉ አንድ ጎረቤታችን ትራክተር አላቸው፣ ለማከራየትም ፈቃደኛ ናቸው። አንድ ባለሙያ ደግሞ ማሽኑን በትራክተሩ ሃይድሮሊክ እንዲዞር አድርጎ እንደሚቀይርልን ነግሮናል። ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት ምን ትሉናላችሁ?»

ጥሩ ጠየቃችሁ፤ ደግሞም በጊዜው ጠየቃችሁ። እዚህ ኡጋንዳ በተሰጠን ቁራሽ መሬት ላይ በቆሎ የማይዘራ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በዱላ እየወቀጡ መፈልፈል ደግሞ ጉልበት ይጨርሳል፣ ፍሬውንም ይሰባብራል። ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም። መልሳችን ግን አንድ ነው፦ ለትንሽ ማሽን ይሆናል፣ ለትልቅ አይሆንም፤ ትንሽ ወይም ትልቅ መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ ሒሳብ ነው እንጂ ዓይን አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራክተር ውስጥ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ አለ። ማረሻውን የሚያነሳውና የሚያወርደው እሱ ነው። ከትራክተሩ ኋላ ቱቦ የሚሰካባቸው መውጫዎች ካሉ፣ በግፊት የሚመጣው ዘይት በአንዱ ቱቦ ሄዶ የሃይድሮሊክ ሞተር ያዞራል፣ በሌላው ቱቦ ይመለሳል። የሃይድሮሊክ ሞተር ስንል ጡጦ የሚያህል ብረት ነው፤ ናፍጣ አይጠጣም፣ ጭስ የለውም። ነገር ግን ከራሱ ጉልበት አይፈጥርም። ፓምፑ የሰጠውን ብቻ ነው የሚያስተላልፈው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ትራክተሩ 50 የፈረስ ጉልበት ነው፣ የኛን ማሽን ማዞር ምን ይሳነዋል?» ይላሉ። 50ው የትራክተሩ ሞተር ነው፤ በዘይት መስመሩ የሚመጣው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ለማወቅ ሁለት ቁጥር ይበቃል፦ ፓምፑ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚገፋና ግፊቱ ስንት ባር እንደሆነ። ሊትሩን በባሩ አባዙ፣ ለ450 አካፍሉ፤ የፈረስ ጉልበቱን ታገኛላችሁ። ለምሳሌ በደቂቃ 30 ሊትር በ150 ባር የሚሰጥ ከሆነ፣ 30 ሲባዛ በ150 ማለት 4,500 ነው፤ ለ450 ሲካፈል 10 ይሆናል። ከዚህ ላይ አንድ አምስተኛው ገደማ በቱቦና በሞተሩ ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ለማሽኑ የሚደርሰው 8 የፈረስ ጉልበት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ከሞተው ሞተራችሁ ጋር አስተያዩት። በየወፍጮ ቤቱ የሚታወቀው፣ ትልቅ ተሽከርካሪ ጎማ ያለው የድሮው ሊስተርና በሕንድ አገር የሚሠራው አምሳያው፣ አንድ ሲሊንደር ያለው ትንሹ 6 የፈረስ ጉልበት ነው፤ በደቂቃ 650 ዙር ይዞራል። የእናንተ መፈልፈያ በእንዲህ ዓይነት ሞተር ይሠራ ከነበረ፣ 8 ይበቃዋል። የከብት መኖ መቁረጫም እንደዚሁ። በ15 ወይም በ20 የፈረስ ጉልበት ይዞር የነበረ የፖሾ ወፍጮ ግን በዚህ ዘይት አይፈጭም፤ ድንጋዩም ይሁን መዶሻው እህል ሲቀርብለት ይቆማል። ለእሱ የሚሻለው ከትራክተሩ ኋላ ብቅ ያለው ጥርስ ያለው ዘንግ፣ ፒቲኦ የሚባለው ነው። በደቂቃ 540 ዙር ይሰጣል፣ የሞተሩን ጉልበትም አብዛኛውን ያስተላልፋል።

ሊትሩን ማን ይንገረን ካላችሁ፣ የትራክተሩ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉ ከሌለ ባለቤቱ ባሉበት ይለካል። የቱቦው ጫፍ ንጹሕ ዕቃ ላይ በደንብ ይታሰርና (ካልታሰረ እንደ እባብ ይገረፋል)፣ ትራክተሩ በሥራ ፍጥነቱ እየዞረ ዘይቱ ይለቀቃል። 10 ሊትሩ በ20 ሴኮንድ ከሞላ በደቂቃ 30 ሊትር ነው። ግፊቱን ግን ጌጅ ያለው ሰው ብቻ ይለካ።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ነው። የሃይድሮሊክ ሞተር የሚሸጠው አንድ ጊዜ ሲዞር በሚውጠው ዘይት ልክ ነው። አንድ ዙር 50 ሲሲ የሚውጥ ሞተር 30 ሊትር ቢሰጡት በደቂቃ 600 ዙር ገደማ ይዞራል። 100 ሲሲ የሚውጠው ግን 300 ብቻ። «ትልቁ ይሻላል» ብላችሁ እንዳትገዙ! 600 ዙር ከድሮው ሊስተር 650 ጋር ስለሚቀራረብ፣ የነበረውን ፑሌጃ ቀዳዳውን ቶርኖ ቤት አስተካክሎ መጠቀም ይቻላል። አዲስ ማሠራት አያስፈልግም።

ቺንጋውንም አትጣሉት። አንዳንድ ባለሙያ ሞተሩን ቀጥታ ከማሽኑ ዘንግ ጋር መግጠም ይወዳል፤ ሲታይ ያምራል። ቆረቆንዳ ተወትፎ ማሽኑ ሲታነቅ ግን ቺንጋ ይንሸራተታል፣ ብረትን ከመሰበር ያድናል። ነገር ግን ቺንጋ ሞተሩን ወደ ጎን ይስባል፤ ርካሹ ባለ ጥርስ ሞተር ይህን አይችልም፣ ኩሽኔታውና ጎሚኒው ቶሎ ይበላሻል። ወይ ለጎን ጭነት የተሠራ ሞተር ይገዛ፣ ወይ ፑሌጃው በራሱ ዘንግና በሁለት ኩሽኔታ ላይ ይቀመጥ። ሥራ ሲያበቃም የሚዞረውን ከበሮ በድንገት ማቆም አይገባም። ዘይቱ መንገድ ሲዘጋበት ከበሮው ሞተሩን መልሶ ይነዳውና ጎሚኒ ይፈነዳል። መጀመሪያ የትራክተሩ ፍጥነት ይቀነስ። ባለሙያውም በሁለቱ ቱቦዎች መካከል የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ይግጠም።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ ትራክተር እንምጣ። በብዙ ትራክተር የሃይድሮሊኩ ዘይትና የካምቢዮው ዘይት አንድ ነው። ከአሮጌ ሞተር ወይም መሬት ላይ ከተጎተተ ቱቦ የገባ አሸዋ በቀጥታ የሰው ንብረት ውስጥ ይገባል። ሞተሩና ቱቦዎቹ ከመሰካታቸው በፊት በንጹሕ ናፍጣ ይታጠቡና ይንጠፍጠፉ፤ ሲነቀሉም ጫፋቸው ይከደን። ዘይቱ ቢጎድል ማን ይገዛል፣ ብልሽት ቢመጣ ማን ያሠራል የሚለውም ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይለይ። እኛ እንግዶች ነን፤ ከጎረቤት ጋር ያለን ሰላም ከበቆሎው ይበልጣል።

ዋናው ማስጠንቀቂያ ይሄ ነው፦ የሚያንጠባጥብ ቱቦ በእጅ አይዳሰስም! በ150 ባር ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው፣ ሕመሙም ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ግን ሥጋውን ያበላሻል፣ ጣት እስከማስቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ የደረሰበት ሰው «ይሻለኛል» ብሎ አይተኛ፤ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድና «በግፊት የመጣ ዘይት ገብቶብኛል» ብሎ በግልጽ ይናገር፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። መንጠባጠቡ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ ነው። የውኃ ቱቦ ለዚህ ሥራ ከቶ አይሆንም፤ የሚገዛው ቱቦ ላይ የሚችለው ግፊት ተጽፎበታል፣ ይነበብ። ቺንጋውና ፑሌጃው በላሜራ ይከለሉ። እናቶችና እህቶች ነጠላቸውን ሳይፈቱ፣ ሕፃናትም በምንም ምክንያት፣ ወደ ማሽኑ አይጠጉ። ፒቲኦ የምትጠቀሙ ከሆነ ያለ መከለያው አታስነሱት። ልብስ ከያዘ ሰውን ለማዳን ጊዜ አይሰጥም።

ታዲያ ገንዘቡ ይዋጣ? ትራክተር ለ6 የፈረስ ጉልበት ሥራ ሲነሳ የራሱን ትልቅ ሞተር ለማዞርም ናፍጣ ያቃጥላል። አንድ ቤተሰብ ሁለት ኩንታል ለመፈልፈል ቢያስነሳው ኪሳራ ነው። ብዙ ቤተሰቦች በደንብ የደረቀ በቆሏቸውን በአንድ ቀን ካቀረቡ ግን ወጪው ይካፈላል። እንዲህ አድርጉ፦ በመጀመሪያ የድሮው ሞተር ስንት የፈረስ ጉልበት እንደነበር ከታርጋው ላይ አንብቡ። ሁለተኛ የትራክተሩን ሊትርና ባር እወቁ። ሦስተኛ ባለሙያውን «ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ሌላ ሰው ፈልጉ። አራተኛ ለአዲሱ ሥራ የተጠየቀውን ዋጋ አንድ ያገለገለ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ከሚያወጣው ጋር አወዳድሩ። ዋጋው ከተቀራረበ የራሳችሁ ሞተር ይሻላል፤ የሰው ትራክተር በእርሻ ወቅት የሚፈለገው እናንተም በምትፈልጉበት ቀን ነውና።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይባል የለ? አራቱን መልስ ይዛችሁ ስብሰባ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ይከፈት። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ አንባቢያን ጽፋችሁ ላኩልን። መልካም የመከር ጊዜ ይሁንላችሁ!