ቀለም አይተን አንግዛ!

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፤

ለቦዩ ሥራ ያገለገለ ሚክሰር ከኮምቦልቻ ይገዛ መባሉን አልቃወምም። የምቃወመው «ርካሽ ነው፣ ዛሬውኑ ብሩ ይውጣ» የሚለውን ጥድፊያ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለም እንዴ!

ጥፋቱን እኔም አውቀዋለሁ። የበፊቱን ልናይ ስንሄድ ሞተሩን አሙቀው ጠበቁን። ወዲያው ተነሣ፤ ደስ አለንና ፈረምኩ። ደሴ መጥቶ በጠዋቱ ብርድ እምቢ አለ። አዲሱን ቀለም ብንፍቀው በብየዳ የተደፈነ ስንጥቅ ወጣ። ያ እኮ እናቶች እንጀራ ሸጠው ያዋጡት ብር ነበር!

ደግሞም ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ሐረጎን ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። እታች በግድ የሚያዞር ሞተር እዚህ ጭራሽ አይችልም።

ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይነሣ። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል ማለት ነው። በርሜሉ ባዶውን ሳይሆን ጠጠርና ውሃ ተሞልቶ ይዙር። የባለቤትነት ወረቀቱ ይታይ። ኮሚቴው ያለ መካኒክ አይሂድ። ይህን እምቢ ከሚል ሻጭ ተከራይተን ብንሠራ ይሻለናል።

ቦዩ ክረምት ሳይገባ ይለቅ፤ የድሃ ብርም አይባክን!

የማኅበሩ ጸሐፊ