መዶሻና ምድጃ፦ የተጣበቀ ኩሽኔታ ስለ ፊዚክስ ትምህርታችን ምን ይነግረናል?

ብረት ሲሞቅ እንደሚሰፋ ሳያውቅ ወደ ሳይንስ ፋኩልቲ የሚገባ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ መካከሉ የተበሳ የብረት ሳህን ቢሞቅ ቀዳዳው ይሰፋል ወይስ ይጠባል ተብለው ሲጠየቁ «ይጠባል» ብለው የሚመልሱ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደሉም። ትክክለኛው መልስ ይሰፋል ነው። ሙቀት አንድ ወጥ አካልን የሚያሰፋው ፎቶግራፍ ተጎልቶ እንደሚታተመው ሁሉ በመሆኑ ሳህኑም ቀዳዳውም በአንድ መጠን ያድጋሉ። ቀመሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ እዚህ ላይ የሚሰናከለው ቀመሩ ከእጁ ጋር ተዋውቆ ስለማያውቅ ነው።

የዚህን ትውውቅ ጥቅም ለማሳየት አንዲት ትንሽ መሣሪያ ልጥቀስ፦ የሞዴል ሄሊኮፕተር ሞተር። በሜታኖል የሚሠራው ይህ ሞተር አካሉ ከአልሙኒየም የተሠራ ሲሆን ዘንጉ የሚሽከረከረው ከአረብ ብረት በተሠሩ ሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሞተሩ ሳይጸዳ ከተቀመጠ ኩሽኔታዎቹ ይዝጋሉ። ከነዳጁ ጋር የሚቀላቀለው የጉሎ ዘይትም በሙቀት ብዛት ወደ ሙጫነት ይለወጣል። እንግዲህ ሞተሩ ሲቀየር ባለቤቱ አሮጌውን ፈትቶ ሊያድሰው ሲነሣ ኩሽኔታው ከመቀመጫው አልነቃነቅ ይላል። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው መዶሻ ነው።

አስቀድመን እናስላ። የአልሙኒየም ርዝመት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሊዮን 23 እጅ ያህል ሲጨምር፣ የአረብ ብረት ግን 12 እጅ ያህል ብቻ ይጨምራል። የኩሽኔታው የውጭ ስፋት 19 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ሞተሩ ዘንጉ ከወጣለት በኋላ ከ20 ወደ 150 ዲግሪ ቢሞቅ፣ የአልሙኒየሙ መቀመጫ በ0.057 ሚሊ ሜትር፣ ኩሽኔታው ደግሞ በ0.030 ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ። ልዩነቱ 0.027 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይህም የአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ሩብ ያህል ነው። ኩሽኔታውን አጥብቆ የያዘው ጥብቀት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ስለሆነ፣ የጋለው ሞተር ወፍራም ጓንት በለበሰ እጅ ተይዞ በእንጨት ላይ ቀስ ተደርጎ ቢመታ የኋለኛው ኩሽኔታ በራሱ ክብደት ሊወድቅ ይችላል። ሙቀቱ የደረቀውን የጉሎ ዘይትም ስለሚያላላው ሥራውን ያግዛል።

መዶሻው ግን ምን ያደርጋል? የውስጠኛው ቀለበት ሲመታ ኃይሉ ወደ ውጭኛው የሚተላለፈው በትናንሾቹ ኳሶች በኩል ነው። ኳስ ከቀለበቱ ጋር የሚነካካበት ስፍራ እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ ሄይንሪክ ኸርትዝ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ባሳየው ስሌት መሠረት፣ አነስተኛ ኃይል እንኳ ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል። ስዊድናዊው ዮሃን አውጉስት ብሪኔል በ1900 (እ.ኤ.አ.) የብረትን ጥንካሬ ጠንካራ ኳስ በላዩ ተጭኖ በሚተወው ጉድጓድ የለካውም በዚሁ ባሕርይ ተመርቶ ነው። ለአሮጌው ኩሽኔታ ይህ ጉዳት ግድ ላይሰጠን ይችላል፤ ተነቅሎ የሚጣል ነውና። አዲሱ በመዶሻ ሲገባ ግን ሥራ ሳይጀምር ጉድጓድ ይወጣበታል፤ ሲዞርም ይንጫጫል። ስለዚህ ሞተሩን ማሞቅ፣ አዲሱን ኩሽኔታ በማቀዝቀዣ ማቀዝቀዝ፣ መግፋት ካስፈለገም በውጭኛው ቀለበት ብቻ መግፋት ይገባል።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ለማለት ይቻላል። ሞተሩ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ከተወገደለት በኋላ ምግብ በማይበስልበት የኤሌክትሪክ ምድጃ መሞቅ እንጂ በግልጽ እሳት መለብለብ የለበትም።

በእኔ እምነት ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ለአንደኛ ዓመት ፊዚክስ የሚመጥን ትምህርት ነው። የሙቀት ስፋት፣ ግፊት፣ የቁስ ጥንካሬ፣ የስሌት ግምት ሁሉም በአንድ ትንሽ ሞተር ውስጥ ይገኛሉ። እኛ ግን እነዚህን በተለያዩ ምዕራፎች ቆራርጠን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እናሰፍራለን። ተማሪውም በፈተና ወረቀት ላይ መልሶልን ይሄዳል። በአንጻሩ ልምድ ያለው መካኒክ ቀመሩን ሳይጽፍ የተጣበቀን ዕቃ አሙቆ ያላቅቃል። አንደኛው ምክንያቱን ያውቃል፣ ሌላው አሠራሩን፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም።

«የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ተግባር መካኒክ ማሠልጠን አይደለም» የሚሉ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ። የላቦራቶሪ መሣሪያ እጥረት መኖሩም እውነት ነው። የመጀመሪያውን በሚመለከት፣ ዓላማው ኩሽኔታ ነቃይ ማፍራት ሳይሆን የሚያውቀውን ነገር ሲያየው የሚለይ ተማሪ ማፍራት ነው። ሁለተኛውን በሚመለከት፣ እዚህ የሚያስፈልገው ከጋራዥ የተጣለ የአልሙኒየም ሞተር አካል፣ አንድ ምድጃና አንድ ቴርሞሜትር ነው። ተማሪው አስቀድሞ ያስላ፤ ኩሽኔታው በስንት ዲግሪ እንደሚለቅ ይገምት፤ ከዚያም ያሙቀው። ግምቱ ከተሳሳተ እሰየው፤ ለምን እንደተሳሳተ ሲመረምር የሚማረው ከየትኛውም የቃል ጥናት ይበልጣልና።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኛም በየዓመቱ የምናስጠመጥማቸው ተመራቂዎች መዶሻ ከማንሣታቸው በፊት እርሳስ የሚያነሡ፣ ካሰሉ በኋላም እጃቸውን ለሥራ የማይሰስቱ ይሆኑ ዘንድ ላቦራቶሪያችንን ከዛሬ ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ ተራ ዕቃዎች ልንከፍተው ይገባል።