ናይሮቢ ስትቃጠል ፍቅር ላይ ነበራችሁ?

ዝም ልል ነበር። ግን የድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ አነበብከው? እንዴት ደስ ይላል!" እያሉ ሲልኩልኝ አላስቻለኝም።

የአንድ ወዳጃችን ጽሑፍ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ያነበባችሁት ታውቁታላችሁ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ዕቃ ሊያመጣ ናይሮቢ ሄዶ ከአንዲት ኬንያዊት ጋር ተዋወቀ። ልጅቷ ሰልፈኛ ናት። መሀል ከተማው በአስለቃሽ ጭስ ሲታፈን እጁን ይዛ ቤቷ አስገባችው፣ አበላችው፣ አሳደረችው። ከዚያ የሆነው ሆነ። ያኔ እዚህ ቀለበት ያሰረላት ልጅ ነበረችው (አሁን ተለያይተዋል)። ለኬንያዊቷ ግን "ላጤ ነኝ" አላት። ነገሩ በረድ ሲል በሞያሌ በኩል ወደ አገሩ ገባ። ወንድሟ ወጥቶ ሲቀርባት ደጋግማ ደወለችለት። ብሎክ አደረጋት።

ይህን ሁሉ የጻፈው ራሱ ነው። መዝጊያው ደግሞ "ናይሮቢ ስትቃጠል እኛ ፍቅር ላይ ነበርን" ይላል። ከሥሩ የልብ ምልክት መአት!

ለመሆኑ ናይሮቢ ለምን ተቃጠለች? ጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር የለም። መንግሥት ዳቦን፣ የምግብ ዘይትን፣ የሴቶች ንጽህና መጠበቂያን ሳይቀር የሚያስወድድ የግብር ረቂቅ አመጣ። ጩኸቱ ሲበዛ ከፊሉን አነሳ፤ ሰኔ 18 ግን ፓርላማው ቀሪውን አጸደቀ። ወጣቶቹ ጥሰው ፓርላማ ገቡ፣ ፖሊስ ተኮሰ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ "አልፈርምም" አሉ። የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን እስከ ሰኔ 24 ድረስ 39 ሟቾችን መዝግቧል። ታፍነው የተወሰዱም አሉ። ልጅቷ በዚህ መሀል ነበረች። ለወዳጃችን ግን ይህ ሁሉ የሻማ መብራት ነው።

"ፍቅር ጊዜ አይመርጥም" ብላችኋል። እውነት ነው። ሰው ሲፈራ ይቀራረባል፤ በዚህ አልፈርድም። "አዋቂ ናት፣ ፈልጋ ነው" ያላችሁም አላችሁ። እሷ የፈለገችው ላጤውን ሰውዬ ነው። እሱ ሰውዬ ደግሞ የለም!

ቀለበቱን ያስወለቀው አስለቃሽ ጭስ አይደለም። ስልኳን የዘጋውም ፖሊስ አይደለም። ግርግር ያቀራርባል እንጂ ውሸት አፍ ውስጥ አይጨምርም። ደግሞ እኩል አልነበሩም። እሱ ፓስፖርትና የመመለሻ ገንዘብ ኪሱ ውስጥ አለ። እሷ ያላት ያቺው አገር ናት። በዚያ ቀን በሯን ለማታውቀው ሰው ከፈተች፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሆነ።

እኛም እኮ የግርግር ቀን እናውቃለን። በራችንን ለእንግዳ የከፈትን አለን። ያ እንግዳ አገሩ ገብቶ እህታችንን "የዚያ ሰሞን ፍቅሬ" እያለ ላይክ ቢሰበስብባት ልብ ትልኩለታላችሁ?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። መጀመሪያ ሻይ ላይ ሲያወራው ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። ማታ ተኝቼ ነው ስለ ወንድሟ ያሰብኩት። ተማሪዎቼ ይህን "ደስ የሚል ታሪክ" ብለው ሲይዙት ግን መሳቄ አሳፈረኝ።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ፖስትህን አጥፋ አልልህም። ቁጥሯን ከብሎክ አውጣና ደውልላት። ይቅርታውም፣ ማስረዳቱም ይቆይ። መጀመሪያ "ወንድምሽ ተመለሰ?" ብለህ ጠይቃት።